በክሮም የተለበጠ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ደግሞ ያንኑ አባባል ሰማሁት። «ክሮሙ እስካልተላጠ ድረስ ሬጉሌተሩ ደህና ነው።» ሬጉሌተር ማለት ውኃ ጠላቂ ከአየር ሲሊንደሩ የሚተነፍስበት ዕቃ ነው፤ ክሮም ደግሞ በላዩ የሚለበጠው የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ሰውየው በልበ ሙሉነት ነው የሚናገረው። አጠገቡ ያሉትም ይስማማሉ። እኔ ባሕር ዳር ከተማ የጠላቂዎችን መተንፈሻ ስፈታና ስገጥም ስለምውል ዝም ማለት አቃተኝ። ይህ ዕቃ የሰው ትንፋሽ የሚያልፍበት ነው።

ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው ክፍል አካሉ ብዙውን ጊዜ ናስ ነው። ናሱ መጀመሪያ በኒኬል ይለበጣል፣ ክሮም የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ክሮም ነው፤ ኒኬሉን የሚያነሳው የለም።

የጎጃምን የጭቃ ቤት አስቡት። ግድግዳው አለ፣ በላዩ ልስን፣ ከልስኑ በላይ ቀለም። ዝናቡን የሚመክተው ልስኑ ነው። ሬጉሌተሩም እንደዚያው ነው፦ ግድግዳው ናስ፣ ልስኑ ኒኬል፣ ቀለሙ ክሮም። ኒኬሉ ብዙ ጊዜ 10 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ይወፍራል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሮሙ ግን ግማሽ ማይክሮን እንኳ መሙላቱ እምብዛም ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ እናንተው አስሉት። በዚያ ላይ ክሮሙ ራሱ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አሉት።

ክሮሙን ማናናቄ ግን አይደለም። ኒኬል ብቻውን ሲሆን ይወይባል፣ በቀላሉም ይጫራል። ክሮም ጠንካራ ስለሆነ ጭረት ይችላል፣ መልኩም አይለወጥም። እዚህ ጋ ምሳሌዬ ያነክሳል፤ የቤት ቀለም እንዲህ ያለ ጥንካሬ የለውም።

ልስኑ ሲሰነጠቅ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ከሥር ይገባል። ቀለሙ ከላይ ደህና ይመስላል። መስከረም ላይ በጣታችሁ መታ ስታደርጉት ግን ድምፁ ባዶ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ተገምሶ ይወድቃል። ልባጡም እንዲሁ መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ይላጣል። የተላጠችው ቅንጣት አየር በሚዘጋበት ቦታ ላይ ካረፈች አየሩ ማፍሰስ ይጀምራል።

«የቤቴ ቆርቆሮ ተጭሮ እንኳ ቶሎ አይዝግም» ያለኝም አለ። ወንድሜ፣ ቆርቆሮህ ላይ ያለው ዚንክ ነው። ዚንክ ብረቱን ለማዳን ራሱ ቀድሞ ይበላል። የኒኬልና የክሮም ነገር ተቃራኒው ነው። ጨው ውኃ ውስጥ ቀዳዳ ካገኘ የሚበላው ከሥር ያለው ናስ ነው፤ ያውም ቀዳዳዋ ላይ ተከማችቶ።

አንድ ቀን ቀይ ባሕር ላይ የዋለ ሬጉሌተር መጣልኝ። ላዩ መስታወት ነው፣ ፊትህን ታይበታለህ። ከሲሊንደሩ አየር የሚገባበትን መግቢያ ስከፍተው ትንሿ ማጣሪያ አረንጓዴ ሆናለች፤ ሳይወለወል እንደከረመ የናስ ጸናጽል። ውስጡን ለቄስ! ጨው ውኃ የገባው በአየር መግቢያው ነው። የውጩ ክሮም አንድም ቦታ አልተነካም።

ጥቁሩንና ወርቃማውን «ፒቪዲ» የሚያመልኩም አሉ። አየሩ በወጣለት ሳጥን ውስጥ ብረት ተንኖ የሚያርፍበት ልባጥ ነው። ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ በጣም ጠንካራ ነው፣ ጭረት ይከላከላል። በመግቢያው የሚገባውን ውኃ ግን እሱም አያስቆምም። «ቲታኒየም ይሻላል» ለሚሉ ደግሞ፦ አዎ፣ ጨው አይበላውም። ነገር ግን ኦክስጅኑ ከ40 በመቶ በላይ ከሆነ ጋዝ ጋር አይሄድም፣ ሊቀጣጠል ይችላል።

ጣና ጨው የለውም፤ ስለዚህ እዚህ ልባጡ ዕድሜ ያገኛል። ግን ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ የሚጠልቅ ሰው ለባሕር ጠለል በተሠራው የጥልቀትና የጊዜ ሠንጠረዥ አይጠቀም። አልተጠየቅሁም፣ ግን ሳልናገር አላልፍም።

አረንጓዴ ስታዩ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት። አቼቶ ውስጥ ነክራችሁም አትርሱት፤ አሲዱ በስንጥቁ ገብቶ ናሱን ያገኘዋል። ከጠለቃችሁ በኋላ የመግቢያውን ክዳን አድርቁ፣ ግጠሙት፣ ከዚያ ዕቃውን በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ክዳኑ ሳይገጠም ማጠብም ሆነ አፍ ላይ ያለውን የአየር መልቀቂያ እየተጫኑ ማጠብ ውኃውን በገዛ እጅ ወደ ውስጥ መላክ ነው። ከማያቸው አረንጓዴ ማጣሪያዎች ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነው።