ውስጠ ወይራ፦ የተፈጥሮ ስንኞች በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የቃል ግጥም

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ በሚዜመው የቃል ግጥም ውስጥ ወንዝ፣ ተራራ፣ ደመናና ዛፍ ደጋግመው ይነሣሉ። በተለመደው ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም የመጀመሪያው ስንኝ ስለ አገሩ መልክ ወይም ስለ ወቅቱ አንድ ተራ ነገር ተናግሮ ያልፋል፤ ሁለተኛው ወደ ፍቅር፣ ወደ ናፍቆት፣ ወደ ቅሬታ ወይም ወደ ሐዘን ይሻገራል። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ስንኝ ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ይህ አያያዝ ግን ግጥሙን ይበድለዋል፤ የምሥጢሩ መክፈቻ የተቀመጠው አዘውትሮ እዚያው ልብ ባልተባለው የወንዝ ወይም የዛፍ ስም ላይ ነውና። ለእንዲህ ያለው ንግግር አማርኛ ራሱ ከዛፍ የወሰደው ስም አለው፤ ውስጠ ወይራ ይባላል።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች፣ መንገደኛው በአጭር ጉዞ ከጉምና ከብርድ ወደ ሙቀት ይወርዳል። ቦርከናም ይህንኑ ቁልቁለት ተከትሎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይፈስሳል። ስለዚህ በዚህ አገር ግጥም «ወረደ» የሚለው ቃል የአካሄድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ ንግድን፣ ቆላ ወርዶ በወባ መያዝን፣ ከቤተሰብ መለየትን አብሮ ያነሣል።

አሠራሩን ለማሳየት በዚሁ ስልት የሚከተለውን መግጠም ይቻላል፦

ክረምት ደፍርሶ ቦርከና ጠራ፣
ምን ይዞህ ቀረህ ጦሳ ተራራ።

ሰሙ፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ፣ የመስከረም ወንዝ ነው፤ ጎርፉ አልፎ፣ ደለሉ ረግቶ፣ ውሃው ጠርቷል። ወርቁ፣ ማለትም የተሰወረው ምሥጢር፣ ያለው «ጠራ» በሚለው ኅብረ ቃል ላይ ነው፤ ቃሉ «ንጹሕ ሆነ» ማለትም፣ «ና ብሎ ተጣራ» ማለትም ስለሆነ፣ ወንዙ በተራራው የቀረውን ሰው የሚጠራ አፍቃሪ ይሆናል። «ደፍርሶ» የሚለውም ለውሃ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ሆድም፣ ትዳርም፣ አገርም ይደፈርሳል። ስለዚህ ጥሪው የናፍቆት ብቻ ሳይሆን የዕርቅም ጥሪ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ የቆየ ቅያሜ መርገቱን ያበሥራል።

ዛፎቹም እንዲሁ በአገልግሎታቸው ይተረጎማሉ። ወይራ የወተት ዕቃ ማጠኛ ስለሆነ የሞቀ ቤትን ያስታውሳል፤ ሾላ ሽማግሌዎች ከጥላው ሥር ስለሚቀመጡ ዳኝነትን፣ ቁልቋል ደግሞ ወተት መሰል ፈሳሹ ዓይን ስለሚጎዳ መልክ ይዞ ክፋት የደበቀን ሰው ያመለክታል።

ደመና ግን ከሁሉ ይከብዳል። በ1965 እና በ1966፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ ወገኑን በጨረሰበት በወሎ፣ ሳይዘንብ ያለፈ ደመናን የሚያነሣ ስንኝ ለዘፈን ማስዋቢያ የገባ ጌጥ ነው ብሎ መተርጎም ከባድ ስሕተት ነው። ቃል ሳይጠብቅ የቀረ ወዳጅ በዚህ ደመና ሲመሰል፣ ወቀሳው ምን ያህል መራራ እንደሆነ የሚገባው የእርሻውን ወራት ሰማይ ሰማይ ሲያይ የኖረ ሰው ነው።

የመሬቱ ስም ከግጥሙ አልፎ ዜማውንም ይዞታል፤ ከታወቁት አራት ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች መጠሪያ ናቸው። አዝማሪው በማሲንቆ ሲያዜም ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። በዚህ ጊዜ ፍቺው ለአድማጩ ይተዋል፤ የተነካው ሰው ራሱ ያውቀዋል፣ የቀረው ስለ ወንዝ የተዘፈነ ይመስለዋል። ፍቺው በቦታውም ይለወጣል። ከላይ ያለው የቦርከና ግጥም ለቅሶ ቤት ቢባል ቃሉ አንድም ሳይነካ ወንዙ ቤተ ዘመዱ ይሆናል፣ ተራራውም መቃብሩ፤ «ምን ይዞህ ቀረህ» የሚለውም መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ ይሆናል።