ከአንጎል መናወጥ በኋላ «እረፍት» ማለት ምን ማለት ነው?

ልጁ ጭንቅላቱን ተመትቶ የአንጎል መናወጥ ሲደርስበት ሐኪም «እረፍት ያድርግ» ይላል። ብዙ ወላጅ ግን የሚመስለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት መተኛት ነው። እንደዚያ አይደለም።

እረፍቱ ለመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ነው። ያኔም ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ይችላል፤ ስልክና ቲቪ ግን ይቀነስ። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ራሱ ሕክምና ነው። ምልክቱ ከ4 ሳምንት በላይ ለቆየበት ጎረምሳም፣ በባለሙያ ክትትል፣ ይኸው ይሠራል።

መለኪያው ቀላል ነው። ከመንቀሳቀሱ በፊት «ራስ ምታትህ ከ10 ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። 3 አለ እንበል። 20 ደቂቃ በእግሩ ሄዶ 4 ቢደርስና በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢበርድለት ችግር የለውም። ከ2 ነጥብ በላይ ጨምሮ 6 ከገባ ግን ያቁም። በማግስቱ ቀለል አድርጎ ይሞክር።

አደራ፣ ኳስና ግጭት ያለበት ስፖርት ሌላ ጉዳይ ነው። ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞከርም። ትምህርት ይቀድማል፣ እሱም ቢሆን መጀመሪያ በግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል።

ከልጅ ልጅ የሚለያየው ማገገሚያው ነው። አብዛኞቹ በ4 ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። ለቆየባቸው ደግሞ አንዱን የሚያስቸግረው አንገቱ ነው፣ ሌላውን እንቅልፉ ወይም ጭንቀቱ። ሕክምናውም እንደዚያው ይለያል።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም አልነቃ ካለ ግን ይህን ሁሉ ትታችሁ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።