ሲዲኤ፦ የጨቅላ ሕፃናት መምህራን ሥልጠና በዋሽንግተን አካባቢ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ «ሲዲኤ» የአማርኛ ቃል ከሆነ ቆይቷል። ሲዲኤ ይወጣል፣ ይታደሳል፣ ጊዜው ያልፍበታል። ቡና ላይ «ሲዲኤሽ የት ደረሰ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቃሉ «ቻይልድ ዴቨሎፕመንት አሶሺየት» የሚለው መጠሪያ ምህጻር ሲሆን፣ በአሜሪካ ዕድሜያቸው ለትምህርት ቤት ያልደረሱ ልጆችን ለሚይዙና ለሚያስተምሩ ሰዎች የሚሰጥ ብሔራዊ የሙያ ምስክርነት ነው። በማቆያ ማዕከል ጨቅላ ሕፃናትን ለሚይዙ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉትን ለሚያስተምሩ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ልጅ ለሚጠብቁ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን ለሚደግፉም የየራሱ ዘርፍ አለው። እዚህ የሚዳሰሰው የመጀመሪያው፣ ከልደት እስከ 36 ወር ያለው ነው። ከሁሉም ትንሹ ክብር የሚሰጠው ለእሱ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ሥልጠናው እነዚህን 36 ወራት በሦስት ይከፍላቸዋል። ከልደት እስከ 8 ወር ያሉት በተኙበትና በታቀፉበት ዓለምን የሚያዩ ናቸው። ከ9 እስከ 17 ወር ያሉት መዳህ፣ ተደግፎ መቆምና መራመድ የጀመሩ፣ እኛ «ወፌ ቆመች» የምንልላቸው ናቸው። ከ18 እስከ 36 ወር ያሉት ደግሞ ድክ ድክ ሲሉ ቆይተው «እምቢ» እና «የኔ» የሚሉትን ቃላት ያገኙ ናቸው። ለሦስቱ የሚሆን አንድ ዓይነት ክፍል፣ አንድ ዓይነት መጫወቻ፣ አንድ ዓይነት አነጋገር የለም። ሠልጣኟም ለእያንዳንዱ ምን እንደምታደርግ ለይታ ማወቅ አለባት።

አነሳሱና ሕጉ

ነገሩ የተጀመረው ከመምህር እጥረት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1965 ሄድ ስታርት የተባለው የፌዴራል መርሐ ግብር የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ለትምህርት ቤት ማዘጋጀት ሲጀምር፣ ዲግሪ ያለው ሰው በበቂ ስላልተገኘ ብዙ የሰፈር እናቶችን ቀጠረ። እነዚህ ሴቶች ሥራውን ይሠሩታል፤ የሚያሳዩት ወረቀት ግን የላቸውም። ከ1970 ጀምሮ የፌዴራሉ የሕፃናት ልማት ቢሮ ኃላፊ የነበረው የየል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ኤድዋርድ ዚግለር፣ ሰው በተማረበት ዓመት ብዛት ሳይሆን ልጆች መካከል ሆኖ በሚያሳየው ችሎታ የሚመዘንበት ምስክርነት እንዲዘጋጅ ገፋ። ዝግጅቱ በ1971 ተጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ምስክርነቶች በ1975 ተሰጡ። ከ1985 ወዲህ የሚያስተዳድረው ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመና መቀመጫውን ዋሽንግተን ያደረገ የሙያ ዕውቅና ምክር ቤት ነው።

ጨቅላዎቹ ተራ የደረሳቸው ዘግይተው ነው። በ1995 ለነፍሰ ጡሮችና ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች «ኧርሊ ሄድ ስታርት» ሲመሠረት፣ አራስ ልጅ የሚይዝ ሰው መምህር ይባላል ወይስ ሞግዚት የሚለው ክርክር የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በ2007 የወጣው ሕግ የዚህ መርሐ ግብር መምህራን በሙሉ እስከ 2010 ቢያንስ ሲዲኤ እንዲይዙ አዘዘ።

ዋሽንግተን ዲሲ ከዚህም አልፋ ሄደች። የከተማዋ የትምህርት መሥሪያ ቤት በታኅሣሥ 2016 ባወጣው ደንብ፣ በማቆያ ማዕከል ረዳት መምህራንና በቤታቸው ልጅ የሚይዙ ሰዎች ሲዲኤ፣ ዋና መምህራን በዘርፉ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ፣ የማዕከል ኃላፊዎች ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖራቸው ጠየቀ። ጩኸት ተነሣ። ሃያ ዓመት ልጅ ስትይዝ የኖረች ሴት በሃምሳ ዓመቷ ኮሌጅ ግቢ ስትባል ምን ይሰማታል? ጉዳዩ በ2018 ፍርድ ቤት ቀርቦ እስከ ይግባኝ ሰሚው ደረሰ፤ በ2022 ደንቡ ጸና። የማሟያው ቀነ ገደብ ግን በመካከሉ ደጋግሞ ተራዝሟል። እዚያው ከተማ ውስጥ በጎ ነገርም ተደረገ። በ2021 ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ነዋሪዎች ላይ በተጨመረ ግብር የሕፃናት መምህራንን ደመወዝ የሚያስተካክል ፈንድ ተቋቁሞ፣ በ2022 የመጀመሪያው ክፍያ ለሙሉ ጊዜ ዋና መምህራን እስከ 14,000፣ ለረዳቶች እስከ 10,000 ዶላር ሆነ። ሲዲኤ ያልነበራቸው ብዙዎች ምዝገባ የፈለጉት ያኔ ቢሆን አይገርምም። ድንበሩን ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ ሕጉ ይለወጣል፤ እዚያ የጨቅላዎች ክፍል መምህር እንዲሆኑ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ብቻ የ45 ሰዓት ኮርስ መውሰድ ይጠየቃል።

አምስት ልጅ ያሳደገች ምን ትማራለች?

ይህ ጥያቄ በእኛ ሴቶች ዘንድ በቀልድም በቁጭትም ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ልጅ ማሳደግ በአገራችን ከእናት፣ ከአያት፣ ከጎረቤት የሚወረስ እንጂ ከክፍል የሚቀሰም ዕውቀት ሆኖ አያውቅም። አሁንም በኢትዮጵያ የቅድመ መደበኛ መምህራን ሥልጠና በአብዛኛው ከ4 ዓመት በላይ ላሉት ልጆች የተሰናዳ ነው። የወሊድ ፈቃድ ግን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያደራጁ በሕግ ከታዘዙ በኋላ፣ እናት ሥራ ስትገባ ልጇን የምትረከባት አሁንም «ሞግዚት» ተብላ የምትጠራዋ ናት።

መልሱ ግን ቀላል ነው፤ የራስን ልጅ ማሳደግና የአራት ሰው ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ መያዝ አንድ ሥራ አይደለም። በዲሲ ደንብ አንድ ሰው መያዝ የሚችለው ከአራት ያልበለጡ ጨቅላዎችን ነው። አራቱም በአንድ ደቂቃ ሊያለቅሱ ይችላሉ። አራቱም የየራሳቸው እናት፣ የየራሳቸው የእንቅልፍ ሰዓት፣ አንዳንዴም የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ስለዚህ ሠልጣኟ 120 ሰዓት ትማራለች። ትምህርቱ በስምንት ርዕሶች ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ከ10 ሰዓት ያላነሰ ይመደባል፤ ደኅንነትና ጤና፣ የአካልና የአእምሮ እድገት፣ ስሜትና ማኅበራዊ ግንኙነት፣ ከቤተሰብ ጋር መሥራት፣ ክፍሉን ማስተዳደር፣ የሙያ ሥነ ምግባር፣ ልጆችን ተመልክቶ መመዝገብ፣ የልጆች እድገት መርሆዎች። ከዚህ ሌላ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከዚሁ ዕድሜ ልጆች ጋር 480 ሰዓት የሠራችበት ማስረጃ ያስፈልጋል።

እንቅልፍ፣ ዳይፐር፣ ጉርሻ

መጀመሪያ የሚያጋጨው እንቅልፍ ነው። እኛ ሕፃንን ጠቅልለን፣ አልብሰን፣ ከጎናችን አስተኝተን ነው ያደግነው። እዚህ ሕፃኑ በጀርባው፣ በጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ብርድ ልብስ፣ ያለ አሻንጉሊት ብቻውን ይተኛል። ምክንያቱ ወግ አይደለም። የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ ከመከረና በ1994 አገር አቀፍ ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ፣ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የጨቅላ ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ጋቢ ማልበስ የለመደ እጅ እዚያ አልጋ አጠገብ ሲታገል ማየት ያሳዝናል፤ ሕጉ ግን ልክ ነው።

ዳይፐር መቀየር ሥልጠናው በሚያበቃበት ፈተናም፣ ባለሙያ መጥታ ክፍሉን በምታይበት ጉብኝትም ዋና ቦታ አለው። ልጁ ከመነሣቱ በፊት ዕቃው ሁሉ ይሰናዳል፤ ወረቀት ይነጠፋል፤ ጓንት ይደረጋል። ጠረጋው ከፊት ወደ ኋላ ነው። አንድ እጅ ምንጊዜም ከልጁ አይለይም። ሲያበቃ የልጁ እጅ ይታጠባል፣ ጠረጴዛው በፀረ ጀርም ይጸዳል፣ የመምህሯ እጅ ይታጠባል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። ይህ ንጽሕናው ነው። ሁለተኛው ግማሽ ንግግሩ ነው፦ «አሁን እግርህን ላነሣ ነው» ብሎ ነግሮ፣ ልጁ እግሩን እስኪያነሣ ወይም ቢያንስ ዞር ብሎ እስኪያይ ጥቂት መጠበቅ። የስድስት ወር ልጅን ፈቃድ መጠየቅ ለጆሮ ያስቃል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቆይ ግን ልጁ ራሱ ወገቡን ከፍ ማድረግ ይጀምራል፤ ያኔ ሳቁ ይቆማል።

ይህ ልማድ ከሩቅ የመጣ ነው። ኤሚ ፒክለር የተባለች የሕፃናት ሐኪም በ1946 ቡዳፔስት ውስጥ ሎዚ በተባለ ጎዳና ላይ ወላጅ ላጡ ጨቅላዎች የተከፈተ ቤት እንድትመራ ተሾመች። መጀመሪያ ያገኘቻቸው ነርሶች የሠለጠኑ፣ ፈጣንና ንጹሕ ነበሩ፤ ነገር ግን ልጁን እንደ ዕቃ ያገላብጡታል። አሰናበተቻቸው። በምትካቸው የነርስነት ትምህርት የሌላቸው፣ ለልጅ ግን ፍላጎት ያላቸው ወጣት ሴቶችን ቀጥራ፣ ልጅ እንዴት እንደሚነሣ፣ እጅ እንዴት ወደ እጅጌ እንደሚገባ፣ ለልጁ ነግረው እንዴት እንደሚጠብቁ አንድ በአንድ ራሷ አሠለጠነች። አብራት የሠራችው ማግዳ ገርበር ትምህርቱን ወደ ሎስ አንጀለስ ወስዳ በ1978 ድርጅት መሠረተችለት። ወረቀት ያላቸውን በማባረር የተጀመረ አሠራር ዛሬ ወረቀት በሚሰጥበት ሥልጠና ውስጥ መገኘቱ ፈገግ ያሰኛል።

ምግብ ላይ ደግሞ ፈተናው ጉርሻ ነው። ጨቅላው በራበው ሰዓት ይመገባል፤ ጡጦ ሲጠባም ይታቀፋል እንጂ ጡጦው በትራስ ተደግፎ አይተውለትም። ድክ ድክ የሚለው ልጅ ግን ራሱ ይበላል፤ ግማሹ ወለሉ ላይ፣ ሩቡ ፀጉሩ ላይ ይቀራል። መምህሯ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ምግቡ ታወራዋለች እንጂ አታጎርሰውም። «አንዴ ብቻ፣ የእማዬን!» ማለት ለለመደች ሴት ከ120ው ሰዓት ሁሉ የሚከብዳት ይህኛው ይመስለኛል። የወይን ፍሬ በርዝመቱ ይቆረጣል፣ ፈንዲሻ ከናካቴው አይሰጥም። ሲዲኤ ለማውጣት የሕፃናት የመጀመሪያ ርዳታ ምስክር ወረቀት ግዴታ የሆነውም ትንታ የሚገድለው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ነው፤ የታነቀ ጨቅላ በክንድ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ጀርባው አምስት ጊዜ ይመታል፣ ተገልብጦ ደረቱ አምስት ጊዜ ይጫናል።

ቋንቋው በአንጻሩ ለእኛ ሴቶች ሀብት ነው። በካሊፎርኒያ የትምህርት መምሪያና በዌስትኤድ ድርጅት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው የጨቅላ ሕፃናት መምህራን ሥልጠና፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ተንከባካቢ እንዲኖረው፣ ተንከባካቢዋ በየጊዜው እንዳትለዋወጥበት፣ የቤቱ ቋንቋና ባህልም እንዲቀጥልለት ያስተምራል። አማርኛ ተናጋሪ ቤት የተወለደን ልጅ እሹሩሩ እያሉ ማስተኛት በዚህ ሚዛን ሙያ ነው።

ያዩትን መጻፍ

እጅ የሚያውቀውን ብዕር አያውቀውም። ሠልጣኞች የሚቸገሩት በአብዛኛው ልጁ ላይ ሳይሆን ማስታወሻው ላይ ነው። ምልከታ ሲጻፍ የታየው ብቻ ይጻፋል፤ «ዛሬ ተናዷል» አይባልም። «ከጠዋቱ 10፡15፤ ኩቡን ከሌላው ልጅ እጅ ሳበ፣ ሲከለከል ወለሉ ላይ ወረወረው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ አውራ ጣቱን ጠባ» ይባላል። ሁለተኛው ማስታወሻ ከሌላ ቀን ማስታወሻ ጋር ሲቀመጥ አንድ ነገር ይናገራል፦ ልጁ ሁልጊዜ ከእንቅልፍ በፊት እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ስለዚህ የሚተኛበት ሰዓት መቅደም እንዳለበት። የመጀመሪያው ማስታወሻ ስለ መምህሯ እንጂ ስለ ልጁ ምንም አይናገርም።

ፋይሉ፣ ጎብኚዋ፣ ፈተናው

ሠልጣኟ በመጨረሻ «ፖርትፎሊዮ» የሚባል ወፍራም ፋይል ታዘጋጃለች። በውስጡ የትምህርቷ ማስረጃ፣ የሳምንት ዕቅድ፣ የምግብ ዝርዝር፣ የምልከታ ቅጾች፣ ለወላጆች የሚጠቅሙ የአካባቢ አገልግሎቶች ዝርዝርና ስለ ስድስቱ የብቃት መለኪያዎች ራሷ የጻፈቻቸው ስድስት ጽሑፎች ይገባሉ። የልጆቹ ቤተሰቦችም ስለ እሷ መጠይቅ ይሞላሉ።

ከዚያ ምክር ቤቱ ያጸደቃት ባለሙያ ክፍሉ ድረስ ትመጣለች። ፋይሉን ካየች በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ሳትናገር ተቀምጣ ሠልጣኟ ስትሠራ ታያለች። ልጆች ደግሞ እንግዳ ያለበትን ቀን ያውቁታል፤ የማያለቅሰው ያለቅሳል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ፤ ባለሙያዋ ከመፍረድ ይልቅ ጠንካራና ደካማ ጎኗን ሠልጣኟ ራሷ እንድትናገር ትጠይቃታለች። ፈተናው በሌላ ቀን በኮምፒውተር የሚሰጥ ሆኖ፣ 65 ባለ ምርጫ ጥያቄዎች በአንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመለሳሉ።

ምስክርነቱ ለሦስት ዓመት ይጸናል። ለማሳደስ 45 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት፣ 80 የሥራ ሰዓትና ጊዜው ያላለፈበት የመጀመሪያ ርዳታ ወረቀት ይቀርባል። ማመልከቻው ቀኑ ሳያልፍ መግባት አለበት፤ ካለፈ ተመልሶ የሚጀመረው ከ«ሀ» ነው፤ ፋይሉም፣ ጎብኚዋም፣ 65ቱ ጥያቄዎችም።