መምህሩ በምን ይኖራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ምዕመናን፣ የጌታችን ሰላም ይብዛላችሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን (የሐዋ. 18፥3)። የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበትም እጆቹ ለራሱም አብረውት ላሉትም እንዳገለገሉ ነግሯቸዋል። ይህን የጳውሎስ ብቻ ትጋት አድርገን እናልፈዋለን። እርሱ ግን ከገማልያል እግር ሥር የተማረ ሰው ነው፤ በእነዚያ የአይሁድ መምህራን ዘንድ ሙያ መያዝ ከትምህርት ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነበር። ታላቁ ሂሌል የቀን ሠራተኛ ነበር። ረቢ ዮሐናን ጫማ ሰፊ ነበር። ከሂሌል በፊት የነበረው ሸማያም ሥራን ውደድ፣ አለቅነትን ጥላ ብሎ አስተምሯል። ጌታችን በማቴዎስ 23 የነቀፈው የከበሬታ ወንበር የሚወዱትን ነው፤ በላባቸው እየኖሩ ሕጉን ያስተማሩትን ከእነርሱ ጋር አንደባልቅ።

ከነዚህ መምህራን የአንዱ ታሪክ ከልቤ አይወጣም። ኢየሩሳሌም በ70 እ.ኤ.አ. ከፈረሰች በኋላ ሊቃውንቱ ያብኔ በምትባል ከተማ ተሰበሰቡ። የጉባኤው አለቃ ዳግማዊ ገማልያል ነበር፤ የጳውሎስ መምህር የልጅ ልጅ ነው። ከሊቃውንቱ መካከል ደግሞ ረቢ ኢያሱ አለ፤ ሌዋዊ፣ መቅደሱ ሳይፈርስ በመዘምራን መካከል የቆመ ሰው። አንድ ቀን በክርክር ምክንያት አለቃው ኢያሱን በሰው ሁሉ ፊት አቁሞ አዋረደው። ጉባኤው አዝኖ አለቃውን ከወንበሩ አወረደው። ገማልያልም ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ኢያሱ ቤት ሄደ። ሲገባ ግድግዳው ጠቁሯል። «ከቤትህ ግድግዳ ከሰል አክሳይ መሆንህ ያስታውቃል» አለው። ኢያሱም መለሰለት፦ «አንተ ለምትመራው ትውልድ ወዮለት! ሊቃውንቱ በምን እንደሚተዳደሩ፣ በምን እንደሚመገቡ፣ መከራቸውን አታውቅም።»

እስቲ አስቡት። ሁለቱ በአንድ ጉባኤ ይውላሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ የመጽሐፉን ቃል ይከራከራሉ። አለቃው ግን የዚህን ሰው ደጃፍ ረግጦ አያውቅም ነበር። የገባው ሊታረቅ ሲመጣ ነው፤ ያኔም መጀመሪያ ያየው ጥቀርሻውን ነው።

ይህ ወቀሳ ለእኛም ነው እላለሁ። እኛ አባቶቻችንን የምናውቃቸው እሁድ ጠዋት ካባ ደርበው፣ መስቀል ይዘው ነው። ደሴ ውስጥ የማውቃቸው አንድ አባት አሉ፤ ከቅዳሴ ሲወጡ የሚሄዱት ወደ ልብስ ስፌት ቤታቸው ነው። የሲንጀር መኪናቸው በር አጠገብ ናት። አላፊው ሁሉ «አባ፣ ይባርኩኝ» ሲል እግራቸውን ከፔዳሉ ያነሣሉ፣ ጣታቸው ላይ የተጠመጠመውን ክር ይፈታሉ፣ ከደረት ኪሳቸው መስቀሉን አውጥተው ያሳልማሉ። አንዱ የትዳሩን ጠብ ይነግራቸዋል፣ ሌላዋ የታመመ ልጇን። ኮምቦልቻ ፍትሐት አለ ተብሎ ሲጠሩ ሱቃቸውን ዘግተው በሚኒባስ ይወርዳሉ። የዚያን ዕለት የተዘጋ ሱቅ ምን እንዳጎደለባቸው የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ደግሞ ሥራውን ራሱን እንንቃለን። አንጥረኛን፣ ሸክላ ሠሪን ስናንቋሽሽ የኖርን ሰዎች ነን። ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው በማደራቸው ቡዳ እየተባሉ ስንት መከራ ተቀበሉ! እነርሱ ረቢ የሚባል አልነበራቸውም፤ ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡላቸው ቀሳውስት ነበሯቸው። ጌታችንንም የናዝሬት ሰዎች «ጸራቢው» እያሉ ተሰናክለውበታል (ማር. 6፥3)።

ሌላ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ረቢ ሙሴ ወልደ ማይሞን፣ ማይሞኒደስ የሚባለው፣ በ1138 እ.ኤ.አ. ኮርዶባ ተወልዶ ግብፅ ላይ በ1204 ያረፈ ሊቅ ነው። በጥናት የኖረው ወንድሙ ዳዊት በዕንቁ ንግድ ስለሚያስተዳድረው ነበር። ዳዊት በሕንድ ውቅያኖስ ሰጥሞ ሲሞት ሙሴ አንድ ዓመት ያህል በትኩሳት አልጋ ላይ ዋለ፤ ከዚያ በሕክምና ቤተሰቡን ማኖር ጀመረ። በ1199 ሊጎበኘው ለፈለገ ሰው የጻፈው ደብዳቤ አለ። ቤቱ ፉስጣጥ፣ ሱልጣኑ ካይሮ ነው፤ በየማለዳው ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳል። ከቀትር በኋላ ርቦት ሲመለስ ደጁ በሕመምተኛ ተሞልቷል፤ አይሁዱም ሌላውም፣ ወዳጁም ጠላቱም። ከእንስሳው ወርዶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጥቂት እህል እስኪቀምስ እንዲታገሡት ይለምናቸዋል። በቀን የሚበላው እርሷን ብቻ ናት። ሲመሽ ከድካም የተነሣ በጀርባው ተጋድሞ ያክማቸዋል። ሰንበት ሲደርስ ደግሞ ማኅበሩ ከጸሎት በኋላ ወደ እርሱ ይመጣል፤ የሳምንቱን ነገር ይመራቸዋል፣ እስከ ቀትርም አብረው ይማራሉ።

እኔን የሚገርመኝ ዳዊት ነው። ነጋዴ ነው፤ ሊቅ ተብሎ አልተጠራም። ሙሴ የተማረው ግን በዳዊት ትከሻ ነው። ሙሴ ራሱ የሕጉን ቃል ለደመወዝ ማስተማርን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ኋላ የአይሁድ ማኅበራት ለረቢዎቻቸው መክፈል ሲጀምሩ የሰጡት ምክንያት ደስ ይላል፦ ክፍያው ለተወው ሥራ፣ ለባከነ ጊዜው ነው፤ ለቃሉ ግን ዋጋ አይከፈልም። ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርዱት አባት የሚገባው ይህ ዓይነቱ ሒሳብ ነው።

በአይሁድ ሥርዓት የማኅበር ጸሎት አሥር ሰው ይፈልጋል። ረቢው የቱንም ያህል ቢማር ዘጠነኛ ሆኖ ከቆመ ያንን ጸሎት ማድረስ አይችልም፤ አሥር ሠራተኞች ግን ያለ ረቢም ያደርሱታል። የእኛም ቅዳሴ በአንድ ካህን አይቀደስም፤ አምስት ልዑካን ያስፈልጉታል። ኀዘን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ከቀብር የተመለሰው አይሁዳዊ የመጀመሪያውን ምግብ ከራሱ ቤት አይበላም፣ ጎረቤት ያመጣለታል። ወሎ እዝን ይዞ የሚሄድ ሕዝብ ነው፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እዝኑ ግን ለአገልጋዩም ቤት ይድረስ። ካህኑ ሚስታቸው ስትታመም፣ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲቀር፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር ማን ሰማ?

ስለዚህ ከሰበካ ጉባኤያችሁና ከሰንበቴ ማኅበራችሁ ጋር በዚህ ወር ተነጋገሩ። ሆስፒታል የተኙትን መጠየቅ ለንስሐ አባት ብቻ አትተዉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተራ ይያዙ። ፍትሐት ከከተማ ውጭ ሲሆን የመመለሻውን ትራንስፖርትና የቀን ገቢያቸውን ዕድሩ ያስብ። ከሁሉ በፊት ግን የንስሐ አባታችሁን ቤት ሂዱ፤ ጉዳይ ሳይኖራችሁ፣ ቡናና ስኳር ይዛችሁ። ተቀመጡና በምን እንደሚኖሩ ጠይቋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።