የአየርላንድ አስተማሪዎችና የፈተናው ሪፎርም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አየርላንድ ልጅ ሃይስኩል ያላችሁ ይሄን ወሬ ሳትሰሙ አትቀሩም፣ የአስተማሪ ዩኒየኖች የፈተና ለውጡን ተቃወሙ ይባላል፣ ከዛ ሁሉም የየራሱን ትንታኔ ያወርዳል። ዩኒየኖቹ ሁለት ናቸው፣ አስቲ እና ቲዩአይ። ከሚወራው ብዙው ልክ አይደለም።

«ሰንፈው ነው፣ ማረም ጠልተው ነው»

እውነታው፦ የመንግስት ፈተና በየክረምቱ የሚያርሙት እነሱው አይደሉ እንዴ? የፈተና ኮሚሽኑ እየከፈላቸው ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ቁጥር እንጂ ስም የለም። እምቢ ያሉት የራሳቸውን ተማሪ ለመንግስት ሰርተፊኬት ማረምን ነው። ነገሩ የፈነዳው በ2012 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሚኒስትሩ ሩዋሪ ኩዊን ልጆች 15 አመት ገደማ ላይ የሚፈተኑት ጁኒየር ሰርት ይቅርና አስተማሪያቸው ይመዝናቸው ሲሉ ነው። እስቲ ትንሽ ከተማ ውስጥ አስቡት፣ አስተማሪው የልጁን አባት ሱፐርማርኬት ያገኘዋል፣ ቅዳሜ ልጁን ኳስ ያሰለጥነዋል፣ ታናሽ እህቱም ከርሞ እሱ ጋ ልትማር ነው፣ እና «ቲቸር ምን አለ ትንሽ ብትጨምርለት» ሲባል ምን ይበል? ይሄ ለኛ ሰው ማስረዳት እንኳን አያስፈልገውም። በኛ አቆጣጠር የ2014 ዓ.ም የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ 50 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 ፐርሰንት ብቻ ነበር፣ ሁሉም ግን የትምህርት ቤት ማርክ ይዘው ነው እዛ የደረሱት።

«አድማ መቱ፣ ምንም አላገኙም»

አግኝተዋል እንጂ። ዲሴምበር 2 ቀን 2014 እና ጃንዋሪ 22 ቀን 2015 ስራ አቆሙ፣ ከ700 በላይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሜይ 2015 ላይ ስምምነት መጣ። ፈተናው ሳይሰረዝ ቀጠለ፣ የሚያርመውም ኮሚሽኑ ሆነ፣ አስተማሪው ክፍል ውስጥ የሚመዝነው ስራ ደግሞ ከመንግስቱ ውጤት ጋ አይደመርም፣ «ከሚጠበቀው በላይ» ምናምን ተብሎ በቃላት ለብቻው ይፃፋል። ቲዩአይ በዚህ ተስማማ። አስቲ ግን እስከ 2017 አሻፈረኝ አለ፣ እዚህ ጋ እኔም አልደግፋቸውም፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ በሚሰራው ምዘና ላይ ተመስርቶ የሚፃፍ 10 ፐርሰንት የሚይዝ ስራ ነበር፣ አስተማሪዎቻቸው ስላላሰሯቸው የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ያንን 10 ፐርሰንት ሊያጡ ነው ተብሎ ወላጅ ሁሉ ሲጨነቅ ነበር። ዋናው ጥያቄያቸው ተመልሶ ልጆቹ ላይ መጨከን ምን ይሉታል?

«ሽምደዳ ብቻ ነው የሚፈልጉት፣ ፕሮጀክት አይወዱም»

ሊቪንግ ሰርት ላይ (ሃይስኩል ሲጨርሱ የሚወሰደው የመንግስት ፈተና ነው) የአይሪሽ ቋንቋ የቃል ፈተና 40 ፐርሰንት ነው፣ ታሪክም ጂኦግራፊም 20 ፐርሰንት የፕሮጀክት ስራ አላቸው። ይሄ ሁሉ አመት ሲሰራበት ነው የቆየው።

«የአሁኑ የሊቪንግ ሰርት ፀብ ያው የድሮው ነው»

ይሄኛው ነው በጣም የሚያምታታው። በ2022 ሚኒስትሯ ኖርማ ፎሊ አስተማሪው ይመዝን የሚለውን ሀሳብ መልሰው አምጥተውት ነበር፣ በኋላ ግን ተትቶ አሁን ፕሮጀክቱንም የሚያርመው ኮሚሽኑ ነው። ታዲያ ምን ቀረ ካላችሁ፣ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ቢዝነስ፣ አረብኛም ሳይቀር በአዲሱ መንገድ መሰጠት ጀምረዋል፣ ከውጤቱ ቢያንስ 40 ፐርሰንቱ ከፅሁፍ ፈተና ውጪ ነው። ኮሌጅ የሚገባው ደግሞ ከ625 በሚቆጠር ነጥብ ስለሆነ እያንዳንዷ ማርክ ትታያለች። አስተማሪው ባያርምም ስራው የልጁ የራሱ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት፣ ልጁ ማታ ቤቱ ቻትጂፒቲ ከፍቶ ያሰራውን በምን ያውቃል? ላብራቶሪው (ላቡ) ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ አንዱ ትምህርት ቤት አዲስ ላብ አለው፣ ሌላው ያለችውን አንዲት ላብ ለመደበኛ ክፍልም ይጠቀምባታል፣ የላብ ቴክኒሻን ደግሞ አብዛኞቹ ጋ የለም፣ እቃ የሚያወጣውም የሚያጥበውም አስተማሪው ነው። ፕሮጀክቱ ግን ለሁሉም እኩል ይቆጠራል። በ2025 በዚህ ለውጥ ላይ ድምፅ ሲሰጡ ቲዩአይ ተቀበለ፣ አስቲ አልተቀበለም፣ ለውጡ ግን በዚያው ተጀመረ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ2027 ይፈተናሉ።

ስለዚህ ልጃችሁ ሳይንስ ከመረጠ ወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ዩኒየኑ ከመከራከር ይልቅ ፕሮጀክቱ ላብ ውስጥ በሳምንት ስንት ፔሬድ እንደሚሰራ፣ ኤአይ መጠቀም እስከ የት እንደሚፈቀድ ጠይቁ፣ ልጁ ቤት የሚሰራውንም ረቂቅ በረቂቅ ከነቀኑ ያስቀምጥ።