የጣቢያና የአውቶቡስ «ትስስር» ምንድን ነው?

«ጣቢያው ከ7 የአውቶቡስ መስመሮች ጋር የተሳሰረ ነው።» ስለ ከተማ ዳርቻ ባቡር በተወራ ቁጥር ይህቺ ዐረፍተ ነገር አትቀርም። ማስረጃዋም ያው ካርታው ነው፤ ሐዲዱ በመካከል ያልፋል፣ ባለ ቀለም መስመሮች እንደ ሸረሪት እግር ከጣቢያው ዙሪያ ይዘረጋሉ፣ ተንታኙም ጣቱን መሀል ላይ ያሳርፍና «ይኸው ትስስር» ይላል። ካርታው የሚናገረው መስመሮቹ አንድ ቦታ መንካታቸውን ብቻ ነው። ትስስሩን ማየት የሚቻለው የጊዜ ሰሌዳው ላይ ነው፤ እዚያም ሁለት ቁጥሮች መካከል፦ ባቡሩ የሚደርስበት ደቂቃና አውቶቡሱ የሚነሣበት ደቂቃ።

ትስስር ማለት ከባቡር የወረደ ሰው፣ ከመጨረሻው ፉርጎ የወረደውም ሳይቀር፣ ሳይሮጥ የሚደርስበት፣ ደርሶም ብዙ የማይገተርበት፣ ባቡሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢዘገይም የማይበጠስ ቅብብል ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ያለው ጉርብትና ብቻ ነው። ፌርማታው ከጣቢያው በር 20 ሜትር ላይ መሆኑ መልካም ነው፤ አውቶቡሱ ባቡሩ ሊገባ 1 ደቂቃ ሲቀረው የሚነሣ ከሆነ ግን 20 ሜትሩ ለማንም አይጠቅምም።

ዱላ ቅብብል ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በ4 በ100 ሜትር ውድድር ሁለቱ ሯጮች አንድ መም ላይ ስለሆኑ ብቻ ዱላው ተላልፏል አይባልም። ዱላው በ30 ሜትር ክልል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ መግባት አለበት፤ ተቀባዩ ቀድሞ ከፈተለከ እጁ ባዶ ይቀራል፣ ቆሞ ከጠበቀ ደግሞ የመጣው ፍጥነት ሁሉ እዚያው ይሞታል። የጣቢያው ቅብብል ከዚህም የባሰ ጣጣ አለበት፤ እዚህ ዱላው በራሱ እግር ነው የሚሄደው። ሻንጣ ይጎትታል፣ የሕፃን ጋሪ ይገፋል፣ ደረጃ ላይ ይጋፋል፣ ትኬቱን ኪሱ ውስጥ ይፈልጋል። ከአንድ ሯጭ እጅ 300 ዱላ ይወጣል፤ ተቀባዮቹ 6 ናቸው፤ ግማሹ ዱላ ደግሞ የትኛው ተቀባይ የእርሱ እንደሆነ ገና ሰሌዳ እያነበበ ነው።

አስተያየት ሰጪው ካርታውን ሲነጠቅ ወደ አማካይ ይሸሻል። «አውቶቡሱ በየ20 ደቂቃው ነው፤ ስለዚህ አማካይ ጥበቃው 10 ደቂቃ ነው፤ ምን ችግር አለው?» ግማሹን የመውሰድ ስሌት የሚሠራው ሰሌዳ ሳያይ በፈለገው ደቂቃ ከቤቱ ወጥቶ ፌርማታ ለሚቆም ሰው ነው። ባቡር ግን ሰውን በየቀኑ በዚያችው ደቂቃ አምጥቶ ያፈሰዋል። ባቡሩም አውቶቡሱም በየ20 ደቂቃው የሚመላለሱ ከሆነ ጥበቃው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ወይ ዘወትር 2 ደቂቃ፣ ወይ ዘወትር 18። ያ ተሳፋሪ «አማካይ 10» የሚባል ቀን አይቶ አያውቅም።

ልዩነታቸው እኩል ካልሆነ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ባቡር በየ20፣ አውቶቡስ በየ15 ደቂቃው እንበል። ባቡሩ 00፣ 20 እና 40 ላይ ይደርሳል፤ አውቶቡሱ 05፣ 20፣ 35 እና 50 ላይ ይነሣል፤ ከፕላትፎርም እስከ ፌርማታ 4 ደቂቃ ያስኬዳል። የመጀመሪያው ባቡር ሰው 1 ደቂቃ ይጠብቃል፣ የሁለተኛው 11፣ የሦስተኛው 6። አማካዩ 6 ስለሆነ ወረቀት ላይ ያምራል። የመጀመሪያው ባቡር 2 ደቂቃ በዘገየ ቀን ግን ያቺ 1 ደቂቃ 14 ትሆናለች። አሁን አውቶቡሱን ወደ የ20 ደቂቃ እናሳሳውና 08፣ 28 እና 48 ላይ ይነሣ። የሦስቱም ባቡሮች ሰው እኩል 4 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የ2 ደቂቃ መዘግየትም ምንም አይሰብርም። አውቶቡስ ቀንሶ አገልግሎት ማሻሻል ይቻላል ሲባል የሚቆጣ ብዙ ነው፤ ቁጥሩ ግን ይኸው። እርግጥ በባቡር የማይሄደው የሰፈር ሰው ይጎዳል፤ የእርሱ አማካይ ጥበቃ ከ7.5 ወደ 10 ደቂቃ ያድጋል። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ምን ያህሉ ሰው የባቡር ሰው እንደሆነ ሳይቆጠር ይህን መወሰን አይገባም።

ከላይ እስከ ፌርማታ 4 ደቂቃ ያስኬዳል ያልነው ለቀና ጣቢያ ነው። 8 ፉርጎ ያለው ባቡር 200 ሜትር ያህል ይረዝማል። መውጫው በአንደኛው ጫፍ ብቻ ከሆነ፣ ከሌላኛው ጫፍ የወረደው በሰከንድ 1.2 ሜትር እየተራመደ ደረጃው ሥር ለመድረስ ብቻ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ደረጃው ራሱ ማነቆ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ደረጃ በደቂቃ ሳይጨናነቅ የሚያሳልፈው 30 ሰው ገደማ ነው፤ በ2 ሜትር ደረጃ 300 ሰው ይውጣ ከተባለ የመጨረሻው የሚወጣው ከ5 ደቂቃ በኋላ ነው። እስከ ፌርማታው 80 ሜትር ከቀረው አንድ ደቂቃ ይጨመርና 6 ይሞላል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ በሌላኛው ጫፍ ሁለተኛ መውጫ መክፈት ነው፤ ርቀቱም ሰልፉም በግማሽ ይወርዳል። በዊልቸር የሚሄደው ሰው ደግሞ በአንድ አሳንሰር ወጥቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ በሌላ አሳንሰር ይወርዳል። የቅብብሉ ደቂቃ መለካት ያለበት በእርሱ ነው እንጂ በሯጩ ወጣት አይደለም።

ስልክ ላይ «መቀየሪያ 2 ደቂቃ» እያለ የሚያታልለው የጉዞ መተግበሪያም ችግሩ እዚሁ ነው። የትራንስፖርት ድርጅቶች ሰሌዳቸውን በሚያወጡበት ጂቲኤፍኤስ በተባለው የፋይል አሠራር ውስጥ ለመቀየሪያ ብቻ የተመደበ ፋይል አለ። እዚያ ላይ 1 ተብሎ የተጻፈ መቀየሪያ «ተነሺው ተሽከርካሪ መጪውን ይጠብቃል» ማለት ነው፤ 2 ደግሞ «ቢያንስ ይህን ያህል ሰከንድ ያስፈልጋል» ማለት። ፋይሉ ካልተሞላ መተግበሪያው በራሱ ግምት ይሄዳል፤ ግምቱ ደግሞ ደረጃውን አያውቅም፣ የአሳንሰሩን ሰልፍም አያውቅም።

ሁሉም የሚዘለው ክፍል አቅጣጫ ነው። አውቶቡስ ጣቢያው ጋ ሁለት ሥራ አለው፤ ሰው ያመጣል፣ ሰው ይወስዳል። ባቡሩም ሁለት ነው፤ ወደ ከተማ የሚገባና ከከተማ የሚወጣ። በየ30 ደቂቃው በሚሄድ መስመር ላይ ገቢው 05 እና 35፣ ወጪው 20 እና 50 ላይ የሚያልፍበትን ጣቢያ እንውሰድ። አውቶቡሱ ለ05 ሰው አድርሶ ከ20ው ባቡር የሚወርደውን ልጠብቅ ካለ ከ00 እስከ 25 ሞተሩን አጥፍቶ መቆም አለበት። ይህን የሚችል የአውቶቡስ ድርጅት የለም። ስለዚህ ጠዋት ለገቢው፣ ማታ ለወጪው ይሰላል፤ በተቃራኒው የሚጓዘው፣ ለምሳሌ ጠዋት ከከተማ ወደ ዳርቻው ፋብሪካ የሚሄደው ሠራተኛ፣ ሁልጊዜ ተበዳይ ነው። «አውቶቡሱ ለምን ለሁሉም ባቡር አይደርስም?» ለሚለው ቁጣ መልሱ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳቡ አይፈቅድም።

የሚፈቅድበት ጣቢያ አለ። በየ30 ደቂቃው በሚሄድ መስመር ላይ ተቃራኒ ባቡሮች በየ15 ደቂቃ ጉዞ ይተላለፋሉ። መተላለፊያው ጣቢያ ላይ ከዋለ፣ አንዱ 59 ሌላው 01 ላይ ይደርሳሉ፤ አውቶቡሶቹ ሁሉ 55 ላይ ገብተው 05 ላይ አብረው ይወጣሉ፤ ከየትም መጥቶ ወደየትም መሄድ ይቻላል። ስዊዘርላንድ ይህን በአገር ደረጃ ሠርታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1982 በመላ አገሪቱ በየሰዓቱ በዚያችው ደቂቃ የሚደጋገም ሰሌዳ አስጀመረች፤ በታኅሣሥ 2004 ደግሞ በዙሪክና በበርን መካከል ያለው ጉዞ ከ1 ሰዓት በታች እንዲወርድ አዲስ ሐዲድ ከፈተች። የተፈለገው ፍጥነት ለፍጥነት ሲባል አይደለም። በሁለት መገናኛ ጣቢያዎች መካከል ያለው ጉዞ ከሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ካላነሰ ለመቀየሪያ የሚተርፍ ደቂቃ የለም፤ ያቺን ጥቂት ደቂቃ ለማግኘት ነው ሐዲድ የተሠራው።

ዋጋውን ደግሞ አስተያየት ሰጪው አይነግራችሁም። ከ30ው ደቂቃ 10ሩ ጣቢያ ላይ በመቆም ካለቀ ለመስመሩ የሚቀረው 20 ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ጣቢያ ላይ የአውቶቡስ ዙር ርዝመት እንደተፈለገ አይሆንም፤ 20 ደቂቃ በአንድ አውቶቡስ፣ 50 በሁለት፣ 80 በሦስት። ዙሩ 24 ደቂቃ ከሆነ በአንድ አውቶቡስ አይሞላም፣ ለሁለት ደግሞ 26 ደቂቃ ብክነት ነው። «እግረ መንገዱን ያንን ሰፈርም ቢያካልልስ?» የሚለው ቅን ሐሳብ 4 ደቂቃ ሲጨምር መስመሩን የሚገድለው በዚህ ነው። አራቱን ደቂቃ መልሶ ማግኛው አንድ ጥምዝ መቁረጥ፣ በትራፊክ መብራት ቅድሚያ ማግኘት ወይም በሁሉም በር ማሳፈር ነው። ቦታም ይጠይቃል። 6 መስመር በአንድ ጊዜ ከቆመ 6 መቆሚያ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም የፊተኛውን ሳይጠብቅ መውጣት አለበት፤ መደዳ ካቆሟቸው የመጀመሪያው ሲዘገይ አምስቱም ይታሰራሉ።

ባቡሩ ሲዘገይስ? አውቶቡሱ 12 የባቡር ሰው ይጠብቃል፣ መንገድ ላይ ደግሞ 20 ሰው ይጠብቀዋል እንበል። 3 ደቂቃ ቢቆም 20ው በድምሩ 60 ደቂቃ ያጣሉ፤ ጥሎ ቢሄድ 12ቱ ቀጣዩ አውቶቡስ እስኪመጣ እያንዳንዳቸው 30፣ በድምሩ 360። ይቁም። ነገር ግን ይኸው አውቶቡስ ሲመለስ ለሚቀጥለው ባቡር 15 ሰው የሚያደርስ ከሆነና በዙሩ ማብቂያ ያለው ትርፍ ጊዜ 4 ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ 5 ደቂቃ መቆም እነዚያን 15 ያስቀራቸዋል፤ ኪሳራው 450 ይሆናል። ስለዚህ የመቆያው ገደብ የሚወሰነው በዚህ ትርፍ ጊዜ ነው። ገደቡንም በየጊዜው መወሰን ለሾፌሩ ደግነት አይተውም። ሾፌሩ ከመቀመጫው ባቡሩን አያየውም፤ መልእክት ወይም መቆሚያው ላይ የሚበራ መብራት ያስፈልገዋል። ይህ በሌለበት ጣቢያ ሰው ከደረጃው ብቅ ሲል የሚያየው የአውቶቡሱን የኋላ መብራት ነው።

አውቶቡሱ በየ10 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ የሚመጣ ከሆነ ይህ ሁሉ ስሌት አብዛኛው ይቀራል፤ ሰው ይወርዳል፣ ያገኘውን ይሳፈራል። ያም ልዩነቱ ሲጠበቅ ነው። በስም በየ15 የሆኑ አውቶቡሶች እየተጣበቁ አንዴ በ5 አንዴ በ25 ደቂቃ ልዩነት ከመጡ፣ እንዲሁ መጥቶ የሚቆመው ሰው አማካይ ጥበቃ ከ7.5 ወደ 11 ገደማ ይወጣል፤ ረጅሙ ክፍተት ብዙ ሰው ያጠምዳልና።

የቀኑ የመጨረሻ አውቶቡስ ለብቻው ደንብ አለው። ተከታይ ስለሌለው የመቆያው ገደብ አይመለከተውም፤ የመጨረሻው ባቡር 20 ደቂቃ ከዘገየ 20 ደቂቃ ይቆማል። ለዚህም በሾፌሩ ፈረቃ መጨረሻ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መመደብ አለበት፤ ካልተመደበ ሾፌሩ ሰዓቱን ጠብቆ ቢሄድ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።