ስለ ፔነሙንደ የሚወራውና እውነታው

ሰሜን ጀርመን፣ ባልቲክ ባሕር ላይ፣ ኡዘዶም የምትባል ደሴት አለች። ጫፏ ላይ ያለችው ፔነሙንደ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1936 የጀርመን ጦር የሮኬት መሞከሪያ ጣቢያውን እዚያ መገንባት ጀመረ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቪ-2 የሚባለው ሮኬት የተወለደው እዚህ ነው። ስለ ቦታው የማይባል ነገር የለም፤ አንዳንዱን እንየው።

«የጠፈር ሕልመኞች ሰፈር ነበር፣ ያበላሸው ጦርነቱ ነው»

ጆሮ የሚገባ ታሪክ ነው፤ ግን ሒሳቡን ማን እንደከፈለ ማየት ይበቃል። ጦሩ የፈለገው ከመድፍ አርቆ የሚመታ መሣሪያ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተፈረመው የቬርሳይ ውል ጀርመንን ከባድ መድፍ ሲከለክላት ሮኬትን አላነሳም። የቴክኒክ ኃላፊው ቨርነር ፎን ብራውን ጠፈር ያልም ነበር፣ አይካድም። በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል፣ በ1940 ደግሞ የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ክንፍ) መኮንን መሆኑም አይካድም። ቦታውን የጠቆመችው እናቱ ናት ይባላል፤ አያቱ እዚያ ዳክዬ አደን ይሄድ ነበርና። ጦሩ ግን የወደደው ዳክዬውን ሳይሆን ከሰው ዓይን መራቁንና ሮኬት የሚተኮስበትን ሰፊ ባሕር ነው።

«ለንደን የተመታችው ከዚህች ደሴት ነው»

አይደለም። ቪ-2 የሚሄደው 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለንደን ከዚያ ሦስት እጥፍ ያህል ትርቃለች። ከሴፕቴምበር 1944 ጀምሮ ወደ ለንደን የተተኮሱት በዋናነት ሆላንድ ውስጥ፣ ከሄግ አካባቢ፣ ከቦታ ቦታ በሚጎተት ማስወንጨፊያ ነው። ፔነሙንደ የሙከራ ቦታ ነበረች።

«ኦክቶበር 3 ቀን 1942 ሮኬቱ ጠፈር ገባ»

ለጥቂት ነው የቀረው። በዚያው ዓመት ሁለት ሙከራዎች ከሽፈው ነበር። በዚያ ቀን ግን 14 ሜትር የሚረዝመው ሮኬት ከ7ኛው ማስወንጨፊያ ተነሳ። ነዳጁ አልኮል፣ ማንደጃው ፈሳሽ ኦክስጅን ነበር። አካሉን ጥቁርና ነጭ የቀቡት ለውበት አይደለም፤ አየር ላይ ሲሽከረከር ከታች እንዲታይ ነው። ሞተሩ የነደደው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ወደ 85 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ 190 ኪሎ ሜትር ርቆ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ዛሬ ብዙዎች የጠፈር ወሰን የሚሉት 100 ኪሎ ሜትር ነው። ያንን መስመር ያለፈው ሌላ ቪ-2 ነው፤ በጁን 1944፣ ወደ 175 ኪሎ ሜትር ወጥቶ።

«የእንግሊዝ ቦምብ ድራሹን አጠፋው»

በኦገስት 1943፣ ከ17 ለ18 አጥቢያ፣ ወደ 600 የሚጠጉ ቦምብ ጣዮች መጡ። 40ዎቹ አልተመለሱም። አንዱ ዋና ዒላማ የባለሙያዎቹ መኖሪያ ነበር፤ የሞተሩ ኃላፊ ቫልተር ቲልም ሞተ። ግን ዒላማውን ለቦምብ ጣዮቹ ለማሳየት የተጣለው የመጀመሪያው የመብራት ምልክት ቦታውን ስቶ ስለወደቀ ብዙ ቦምብ የዘነበው ትራሰንሃይደ በሚባለው የሠራተኞች ካምፕ ላይ ነው። በግዳጅ የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የውጭ አገር ሰዎች አለቁ። የሚያሳዝነው፣ ስለ ጣቢያው መረጃ ወደ ውጭ ካሾለኩት ውስጥ እንደነሱ ያሉ ሠራተኞች ይገኙበታል። ሙከራው ደግሞ እስከ 1945 መጀመሪያ ቀጠለ።

«ሮኬቱን የሠሩት ሳይንቲስቶች ናቸው»

የነደፉት እነሱ ናቸው። ብሎኑን ያጠበቀው፣ ዋሻውን የቆፈረው ሌላ ነው። ከድብደባው በኋላ ማምረቻው ወደ መሀል ጀርመን፣ ኖርድሃውዘን አጠገብ፣ ተራራ ሥር ገባ። ሚተልባው-ዶራ በሚባለው ካምፕ ወደ 60,000 እስረኞች አለፉ፤ 20,000 ያህሉ ሞቱ። በሮኬቱ ከተገደሉት ይልቅ የሞቱት እስረኞች ይበልጣሉ።

ደሴቷም ላይ እስረኞች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ሚካኢል ዴቪያታየቭ የሚባል የሶቪየት አብራሪ ነው። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1945 ከዘጠኝ ጓደኞቹ ጋር የጀርመንን ቦምብ ጣይ ሰርቆ ከዚያው አየር ማረፊያ አመለጠ። አገሩ ሲደርስ የጠበቀው ጥርጣሬ ነበር። የሶቪየት ኅብረት ጀግና የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በ1957 ነው።